የጥርስ ሳሙና፣ ፓውደር እና የዋርድያው ቁልፍ

የጥርስ ሳሙናውን በመጀመሪያው ቀን አገኘሁ። ፓውደሩ ግን አራት ቀን ፈጀብኝ። የእስረኞቹን መሳቢያ አንድ በአንድ በረበርኩ፤ ካልሲ አለ፣ ማበጠሪያ አለ፣ ባትሪ አለ፣ መጽሔት አለ፣ ፓውደር የለም። በአራተኛው ቀን ሁሉም ቁርስ ላይ ሳሉ ጥግ ያለው ክፍል ሾልኬ ገብቼ መሳቢያውን ስስበው ቁጭ ብሏል። እንደ ወርቅ ነው ያነሳሁት።

ሁለቱ ሲቀላቀሉ ሊጥ ይሆናሉ። ሊጡ የሚያስፈልገው ለቁልፍ ነው። አንዱን ዋርድያ ሰው በማያይበት ኮሪደር ላይ፣ ካልሲ ውስጥ በከተትኩት ሳሙና መትቼ ጣልኩት። ኪሱ ገብቼ የክፍሎቹን ቁልፍ አወጣሁ፣ ሊጡ ላይ ተጫንኩት፣ ቅርጹን ያዘ። ከዚያ የቀረው ሩጫ ነው፤ ሰውዬው ሳይነቃ ቁልፉ ወደ ኪሱ መመለስ አለበት። መለስኩት። ማታ ማበጠሪያ በላይተር አቅልጬ ቅርጹ ውስጥ አፈሰስኩና የራሴን የፕላስቲክ ቁልፍ ያዝኩ። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ይህ ሁሉ ሲሆን እኔ ቤቴ ሶፋ ላይ ነኝ። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ነው፣ ባለቤቴ ከተኛች ቆይታለች፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሱቅ መክፈት አለብኝ።

ጌሙ ‘ዘ ኢስኬፒስትስ’ ይባላል። አዲስ አይደለም፤ ሙሉው የወጣው እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2015 ነው። እኔ እጅ የገባው ግን ዘግይቶ ነው፣ እሱም በፍላሽ። ላፕቶፕ ጥገና ላይ ስለምውል ሰው ‘እስቲ ይህችን ሞክራት’ እያለ የሚሰጠኝ ነገር አያልቅም። የተሰረቀ ቅጂ መሆኑን አልክድም። ስለሚሰርቅ እስረኛ የተሠራ ጌም በስርቆት መጫወቴ ትንሽ ከንክኖኝ በኋላ ላይ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው የአክስቴ ልጅ ስቲም ከተባለው የኢንተርኔት ጌም መሸጫ ሕጋዊውን ላከልኝ፤ ከዚህ ሆኜ በራሴ ካርድ ልክፈል ብል የሚያልፍልኝ ስላልነበረ።

መልኩ ድሮ በቴሌቪዥን ጀርባ ገመድ ሰክተን እንደምንጫወታቸው ነው፤ ከላይ ወደ ታች የሚታይ፣ ሰዎቹ ከአውራ ጣት ጥፍር የማይበልጡ፣ ሁሉ ነገር ከአራት ማዕዘን ነጠብጣብ የተሠራ። ይህ ለእኔ ጉድለት ሳይሆን በረከት ነው። ሱቄ ውስጥ ያለው፣ ማንም ደንበኛ ሊወስደው ያልፈለገ ባለ 4 ጂቢ ራም ላፕቶፕ ላይ ሳይንገራገጭ ይሄዳል። የመጀመሪያውን የሠራው ክሪስ ዴቪስ የሚባል እንግሊዛዊ ነው። ሙያው ጣሪያ ሥራ ነበር። ሞልዲ ቱፍ በሚል ስም ቤቱ ሆኖ፣ ክሊክቲም ፊውዥን በተባለ ብዙ ኮድ መጻፍ በማይጠይቅ መሣሪያ ሠራውና በ‘ዎርምስ’ ጌም የምናውቀው ቲም 17 የተባለ ኩባንያ አሳተመለት። ጣሪያ ሠሪ መሆኑን ካወቅኩ ወዲህ በአየር ማስገቢያው ቱቦ ውስጥ እየተሳብኩ ወደ ጣሪያ በወጣሁ ቁጥር ‘ይህን ቦታ ያውቀዋል ይህ ሰው’ እላለሁ።

የጌሙን ጥንካሬ ንገረኝ ብትሉኝ ሌላ ሳልቆጥር የምጠራው ደወሉን ነው። ጠዋት ቆጠራ አለ። ከዚያ ቁርስ፣ ከዚያ ነፃ ሰዓት፣ ምሳ፣ ሥራ፣ ስፖርት፣ ሻወር፣ እራት፣ የማታ ቆጠራ፣ መብራት ማጥፊያ። ደወሉ በተደወለ ቁጥር እስረኛው ሁሉ ግር ብሎ ወደሚቀጥለው ቦታ ይሄዳል፤ አንተም ትሄዳለህ። ቆጠራ ላይ ከቀረህ ጥበቃው በሙሉ አንተን ፍለጋ ይወጣል። መጀመሪያ ስትጫወት ይህ ፕሮግራም ጠላትህ ይመስልሃል። በሦስተኛው በአራተኛው ቀን ግን አንድ ነገር ይገባሃል፤ ሰው ሁሉ የት እንዳለ ደወሉ እየነገረህ ነው። ቁርስ ላይ ክፍሎቹ ባዶ ናቸው። ሻወር ሰዓት ላይ ልብስ ማጠቢያው ባዶ ነው። ዋርድያዎቹም እንዳንተው የደወሉ እስረኞች ናቸው።

ይህን ነገር እኔ አውቀዋለሁ። ሃይስኩል የተማርኩበት ግቢ አጥር ሥር፣ ከሽንት ቤቱ ጀርባ፣ ቆርቆሮው የተገነጠለባት ቦታ ነበረች። ስለ ቀዳዳዋ የማያውቅ ተማሪ አልነበረም፤ ዩኒት ሊደሩም ሳያውቅ አይቀርም። ሚስጥሩ ቀዳዳዋ ሳትሆን ሰዓቱ ነበር። ዘበኛው ከሦስተኛው ፔሬድ በኋላ ሻይ ሊጠጣ ክበብ ይገባል። ዩኒት ሊደሩ ጎማውን ይዞ ከላይኛው ብሎክ ይጀምርና ኮሪደር ለኮሪደር ይወርዳል። በመሃል ሰባት ደቂቃ አለች። በዚያች ሰባት ደቂቃ ያልፎረፈ የዚያን ቀን አይፎርፍም። ጓደኞቼ ፎርፌን የጀግንነት ጉዳይ ሲያደርጉት እኔ ግን የሂሳብ ጉዳይ እንደሆነ ያኔ ነው የገባኝ። ‘ዘ ኢስኬፒስትስ’ ያችን ሰባት ደቂቃ አንድ ሙሉ ጌም አድርጓታል። ተኩስ የለም፣ የሚፈነዳ መኪና የለም። ሰውዬው ጥግ እስኪዞር መጠበቅ ነው ጨዋታው።

ሁለተኛው ጥንካሬ ዕቃዎቹ ናቸው። ሦስት ነገር ድረስ አንድ ላይ አድርገህ ሌላ ነገር ትሠራለህ። ማበጠሪያና ፕላስተር ስለት ይሆናሉ። ሁለት ትራስና አንድ አንሶላ፣ ሌሊት ዋርድያው በባትሪ ሲያበራ የተኛህ የሚያስመስል አሻንጉሊት ይሆናሉ። የሽንት ቤት ወረቀትና ሱፐር ግሉ ተዋህደው፣ ላዩ ላይ ያ የጥርስ ሳሙና ሊጥ ሲጨመርበት፣ የቦረቦርከውን ግድግዳ የሚሸፍን የውሸት ብሎኬት ይወጣል። በገሃዱ ዓለም አይሠራ ይሆናል፤ ስትሰማው ግን ‘ለምን አይሠራም?’ ትላለህ። የጥሩ ውሸት ምልክቱ ይኸው ነው። ከጌሙ በኋላ ሱፐርማርኬት ስገባ የጽዳት ዕቃ መደርደሪያውን የማይበት ዓይን ተለውጧል።

ፍርሃቱንም በደንብ ሠርቶታል። ጠዋት ቆጠራ ላይ የዋርድያዎቹ አለቃ ዛሬ ክፍላቸው የሚፈተሸውን ሰዎች ስም ይጠራል። እኔ በዚያች ቅጽበት ትንፋሼን ነው የምይዘው። ስሜ ካልተጠራ ቀኔ ነው። ከተጠራ ግን ፈታሾቹ ሳይደርሱ ክፍሌ ደርሼ የተከለከለውን ሁሉ ማሸሽ አለብኝ። የት? ከበሩ ላይ የብረት መመርመሪያ አለ፤ ኪሴ ውስጥ ይዤ ካለፍኩ ይጮሃል። ስለዚህ የሰው መሳቢያ ውስጥ እከተዋለሁ፤ ያ ሰው ደግሞ ማታ ሲጣላኝ ዕቃዬ በእሱ እጅ ነው። አንዴ አካፋዬን እንደዚህ አስቀምጬ ሁለት ቀን ስለማመጠው ከርሜያለሁ።

እሺ፣ አሁን ወደ ጉድለቱ። ብዙ ነው፤ የሚያናድደኝ ግን አንዱ ነው።

ስትያዝ ሁሉንም ታጣለህ። ሁሉንም። ዋርድያ ካየህ፣ ወይም ተደብድበህ ራስህን ስተህ ክሊኒክ ከነቃህ፣ የያዝከው የተከለከለ ዕቃ የለም። የቆፈርከው ከተገኘ ደግሞ ጨለማ ቤት ከርመህ ስትወጣ ጉድጓዱ ተደፍኖ፣ ግድግዳው ተለስኖ ይጠብቅሃል። መያዝ መቀጣቱ ልክ ነው፤ ካልተቀጣህ ፍርሃቱ ከየት ይመጣል? ችግሩ ቅጣቱ ማሰብን ሳይሆን መልፋትን መጠየቁ ነው። ዕቅድህ ልክ ነበር፤ አንድ ጥግ ላይ ተሳስተሃል። ያንን ጥግ ለማረም ግን ካልሲ ከመፈለግ ጀምረህ አንድ ሳምንት እንደገና መኖር አለብህ። በሁለተኛው ዙር ምንም አዲስ የምትማረው ነገር የለም። ልክ ሙሉ ደብተር ጠፍቶብህ እንደገና እንደ መገልበጥ ነው።

ዕቃው ደግሞ በዕድል ነው የሚወጣው። ፓውደሬን አራት ቀን እንደጠበቅኩ ነግሬያችኋለሁ። ስታላግ ፍሉክት በሚባለው በሁለተኛው እስር ቤት፣ ያ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጀርመኖች ምርኮኛ የሚያስሩበትን ካምፕ አስመስለው የሠሩት፣ ሞረድ ስጠብቅ ስንት ቀን እንደዋልኩ ረስቼዋለሁ። ሌላው ሁሉ ተሟልቶ ሞረድ ብቻ። በየቀኑ ጠዋት መሳቢያ መበርበር፣ ከሚሸጡት እስረኞች ጋር መነጋገር፣ የለም። ያኔ ጌም እየተጫወትኩ መሆኔ ቀርቶ በእርግጥ እንደታሰርኩ ተሰምቶኛል፤ ‘እንዲህ እንዲሰማህ ነው የተሠራው’ የሚለኝ ሰው ካለ ይምጣና ሞረዱን ይፈልግልኝ።

ስፖርቱን ሳልጠቅስ አላልፍም። ጉልበትህ ካልጨመረ ዋርድያ አትጥልም፤ ጉልበት የሚጨምረው ክብደት በማንሳት ነው፤ ክብደት የሚነሳው ሁለት ቁልፍ እያፈራረቁ በመቀጥቀጥ ነው። ይህንኑ በየቀኑ። ካልሠራህ ደግሞ ይቀንሳል። የላፕቶፔ አንዷ ቁልፍ በዚህ ሰበብ ተነቅላ በማስቲሽ ለጥፌያታለሁ። መጽሐፍ ማንበቡም እንደዚያው ነው፤ ዕውቀት ካልጨመርክ ከበድ ያለውን ዕቃ መሥራት አትችልም። እሱን እንኳ እወደዋለሁ። እስር ቤት ውስጥ ቤተ መጻሕፍት የሚያስገባህ አካፋ ለመሥራት መሆኑ ያስቀኛል።

ምን ከምን ጋር እንደሚቀላቀል የሚነግርህ የለም። ማስታወሻዎቹን ከእስረኛ ትገዛለህ፣ አለበለዚያ ትገምታለህ። እኔ ግምቱን ወድጄው ነበር፤ የደረሰኝ ደረቅ ሐቅ ግን አብዛኛው ሰው ኢንተርኔት ላይ ገብቶ ዝርዝሩን እንደሚያይ ነው፤ እኔም በአምስተኛው ቀን አየሁ። ማየት ከጀመርክ ደግሞ የጌሙ ግማሽ ጣዕም የለም፣ የገበያ ዝርዝር ይዞ መርካቶ እንደመውረድ ይሆናል።

አንድ ማታ ከመሬት በታች ነበርኩ። ከክፍሌ ወለል ጀምሬ እየቆፈርኩ ነው፤ መሬቱ እንዳይደረመስ በየመሃሉ የእንጨት ድጋፍ አስገብቼ፣ አካፋዬ ሊያልቅ ትንሽ ቀርቶት፣ የውጭው አጥር ከራሴ በላይ ነው። አንድ ሁለት ምት። መብራት ሄደ። የላፕቶፑ ባትሪ የሞተ ነው፤ የራሴን ዕቃ መጠገን አልወድም፣ ለሰው ነው የምጠግነው። ጌሙ ቀንህን የሚያስቀምጥልህ አልጋህ ላይ ስትተኛ ነው፤ እኔ ደግሞ አልጋዬ ላይ የተኛው አሻንጉሊት ነበር። ጨለማው ውስጥ ሶፋው ላይ ቁጭ ብዬ ሳቄ መጣ። ባለቤቴ ከመኝታ ቤት ‘ምን ሆነህ ነው?’ አለችኝ። ‘ያዙኝ’ አልኳት።

በማግስቱ ያንኑ ቆፍሬ ወጣሁ። ለዚያ ሁሉ ልፋት የተሰጠኝ ምን መሰላችሁ? ስንት ቀን እንደፈጀብኝ የሚቆጥር አንድ ገጽ። ሰውዬው ወዴት ሄደ? ማን ጠበቀው? ምንም። ‘ሴንተር ፐርክስን ጨረስክ፣ ስታላግ ፍሉክት ተከፍቶልሃል’ ነው ነገሩ። ከእስር ቤት የማምለጥ ሽልማቱ ሌላ እስር ቤት ነው። እስከ ስድስተኛው፣ እስከ አይረንጌት ድረስ እንደዚያ ነው።

ሁለተኛው ክፍል እ.ኤ.አ. በኦገስት 2017 ወጣ፤ የአክስቴ ልጅ እሱንም ገዛልኝ፣ በእርግጥ ለራሱ ሲል ነው፤ እስከ አራት ሰው ሆኖ አብሮ ማምለጥ ይቻላል። እኔ ዘንድ ቅዳሜ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ሲሆን እሱ ዘንድ ገና ከሰዓት ነው። ልጆቹን የቀን እንቅልፍ አስተኝቶ ይገባል። በስልክ እያወራን እንጫወታለን።

አብሮ መጫወቱ ብዙውን ጉድለት ይሸፍናል። ሞረድ የሚፈልገው አንድ ሰው ሳይሆን ሁለት ነው፣ መጠበቁም ወሬ ይሆናል። እኔ ዋርድያውን ሳዋራው እሱ ከኋላ ይመጣል። ቁልፉን እኔ ሳወጣ እሱ ጥግ ላይ ይጠብቃል። ሕንፃዎቹ ባለ ፎቅ ሆነዋል፣ ምን ከምን እንደሚሠራም አሁን ዝርዝሩ ተጽፎ ይታያል። በጠፈር መርከብ ላይ ያለ እስር ቤት አለ፣ በባቡር ላይ ያለ አለ።

የአክስቴ ልጅ ግን ትዕግሥት የለውም። አሜሪካ ከሄደ ወዲህ ነው መሰለኝ፤ እዚህ ሳለ ታክሲ ሰልፍ ላይ ሁለት ሰዓት የሚቆም ልጅ ነበር። ‘እስኪዞር ጠብቅ’ ስለው መትቶ ጥሎታል። ‘ምን ታደርገዋለህ፣ አንድ ሰዓት ነው ያለኝ’ ይለኛል። ኔትወርኩም አያግዘንም። እኔ ስክሪን ላይ ዋርድያው ገና በር ላይ ነው፤ እሱ ስክሪን ላይ ከኋላዬ ቆሟል። ‘ሩጥ!’ ይለኛል። ወዴት እንደምሮጥ አላውቅም፣ ሮጬ እንኳ የምደርሰው ዋርድያው ላይ ነው። አንድ ሌሊት እንዲህ ሦስት ጊዜ ተይዘን እሱ በሳቅ ሲፈርስ እኔ ስልኩን ዘግቼበታለሁ። በማግስቱ ይቅርታ ጠይቄያለሁ።

ከሁለቱ የትኛው ይሻላል ስባል ዝም የምለው ለዚህ ነው። ሁለተኛው የተሻለ ቅዳሜ ማታ ነው። የተሻለ ጌም ግን የመጀመሪያው ይመስለኛል። ሁለተኛው ሁሉን ነገር አሳየኝ፣ አቀለለልኝ፣ አስዋበልኝ፤ ፍርሃቱ ግን ከእነዚያ ከጥፍር የማያልፉ ሰዎች ጋር ቀርቷል። ቆጠራ ላይ ስሜ ሲጠራ አሁን ሆዴ አይረበሽም። ‘ኧረ ተወው፣ ሌላ እንሠራለን’ ብቻ ነው።

ጌሙ ላይ ሌላ የጎደለ ነገር እንዳለ አውቅ ነበር፤ ምን እንደሆነ ግን መናገር አልቻልኩም ነበር። የነገሩኝ አጎቴ ናቸው።

አጎቴ የከባድ መኪና ሹፌር ነበሩ። አንድ ሌሊት መንገድ ላይ በደረሰ አደጋ ሰው ሞተ፤ አራት ዓመት ተፈረደባቸውና ሁለት ሦስተኛውን ጨርሰው በአመክሮ ወጡ። እኔ ያኔ ስምንተኛ ክፍል ነበርኩ። እሁድ እሁድ እማዬ ስንቅ አዘጋጅታ እኔን ታስይዘኛለች፤ ምሳ ዕቃው ባለ ሦስት ድርብ ነው፣ ከላይ እንጀራው፣ መሃል ላይ ሽሮው፣ ከታች አንዳንዴ ምስር፣ በዓል ሲሆን ወጥ። በሩ ላይ ሰልፍ አለ። ተራችን ሲደርስ ዋርድያው ክዳኑን ከፍቶ ወደ እኔ ይገፋዋል። ‘ቅመስ።’ ከየድርቡ አንዳንድ ጉርሻ እቀምሳለሁ። እሱ አፌን ያያል። ስውጥ ‘እለፍ’ ይላል። ርቦኝ ስለምሄድ ያችን ጉርሻ እወዳት ነበር፤ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። አጎቴ ከሽቦው ወዲያ ቆመው የሚጠይቁት ስለ ምግቡ አልነበረም። ‘የቤቱ ጣሪያ ያፈሳል ወይ?’ ‘ጎማዎቹን ማን ገዛ?’ ነው የሚሉት። አንድ እሁድ በሽቦው መሃል ስክሪብቶ አሾለኩልኝ፤ ላዩ ላይ በቀይና በቢጫ ክር ስሜ ተጠልፏል። አንድ ፊደል ተሳስቷል። እስከ አሥረኛ ክፍል ቀለሙ ካለቀ በኋላም ደብተሬ ውስጥ ነበር።

ባለፈው ወር ለጥርሳቸው ሕክምና መጥተው እኛ ጋ ሰነበቱ። ማታ ላፕቶፑን ከፍቼ ስጫወት ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡ። መጀመሪያ አፍሬ ልዘጋው ነበር።

‘እስር ቤት ነው?’ አሉኝ።

‘ጌም ነው ጋሼ። እንዲያመልጥ ነው።’

ዝም ብለው አዩ። ደወሉ ተደወለ፣ ሰው ሁሉ ግር ብሎ ተሰለፈ። ‘ቆጠራው ልክ ነው’ አሉ። እራት ሰዓት ሲደርስ ትሪ ይዘው ሲሰለፉ አይተው ‘ካቦው የትኛው ነው?’ አሉኝ። ካቦ የሚባል እንደሌለ ነገርኳቸው። ‘ታዲያ ክፍሉን ማን ነው የሚያስተዳድረው? ገንዘብ የሚሰበስበው? የታመመ ሲኖር ለዋርድያው የሚናገረው?’ የለም አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ፣

‘እሁድ የለውም?’

ቀኖቹ ስም እንደሌላቸው፣ አንድ ሁለት ተብለው ብቻ እንደሚቆጠሩ ነገርኳቸው።

‘ጠያቂስ?’

ያን ያህል ሰዓት ስጫወት አስቤው አላውቅም። በር ላይ ማንም አይመጣም። ስንቅ የለም፣ ሽቦ የለም፣ ከሽቦው ወዲያ የቆመ የለም። እስረኛው በምን እንደገባ እንኳ አይነገረንም፤ እዚህ አንድ ሰው ወህኒ ሲገባ የመጀመሪያው ጥያቄ ‘በምን ገባህ?’ ነው። አጥሩን አልፎ ሲወጣ የሚሄድበት የሌለው፣ ድሮውንም ከውጭ ማንም ስለሌለው ነው። ያ ባዶ የቀን ቆጠራ ገጽ የሚያስቆጨኝ ለዚህ ይሆናል።

‘ልሞክረው እስቲ’ አሉ። ቁልፎቹን አሳየኋቸው። በሁለት ጣት ነው የሚጫወቱት፤ አንድ አቅጣጫ ከተጫኑ ግድግዳ እስኪያስቆማቸው ይሄዳሉ። የት እንደምቆፍር፣ አካፋው የት እንደተደበቀ ነገርኳቸው። እሺ አሉ። ደወል ሲደወል ግን ሄደው ተሰለፉ። ቁርስ ላይ ተቀመጡ። ለእስረኛው የልብስ ማጠቢያውን ሥራ ይዤለት ነበርና ሥራ ሰዓት ሲደርስ ገብተው ቆሻሻውን ልብስ ማሽን ውስጥ ከተቱ፣ ንጹሑን አወጡ፣ እንደገና ከተቱ። እኔ ያንን ሥራ አንድም ቀን በሙሉ ሠርቼው አላውቅም፤ ኮታውን ሳላሟላ ቀርቼ ስንቴ ተባርሬበታለሁ። እሳቸው ኮታውን ሞሉት። ስፖርት ሄዱ፣ ሻወር ገቡ፣ ለማታው ቆጠራ ከሁሉ ቀድመው ደረሱ። መብራት ሲጠፋ ተኙ።

‘ጋሼ፣ ሌሊት ነው እኮ የሚቆፈረው’ አልኳቸው።

‘ተወኝ’ አሉ።

ሁለተኛውን ቀን እንደዚያው ኖሩ። ሦስተኛውንም። አንድ ዋርድያ አልነኩም፣ አንድ መሳቢያ አልከፈቱም። በአራተኛው ቀን ጠዋት ቆጠራ ላይ ለፍተሻ ስም ሲጠራ የእኛ ስም ወጣ፤ እኔ አካፋዬን አስቤ ከወንበሬ ተነሳሁ። አልተንቀሳቀሱም። ፈታሾቹ ገብተው አካፋውን ወሰዱት።

አጎቴ መነጽራቸውን አወለቁ።

‘አመክሮ አለው?’ አሉኝ።

‘የለውም።’

‘እንግዲያ ቆፍር’ ብለው ላፕቶፑን ወደ እኔ ገፉልኝና ሊተኙ ሄዱ።